መስቀል የሌለበት ሲሊንደር

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሙቀት። ገና በአራት ሰዓት ግድግዳው ሳይቀር ይሞቃል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ የለም። ልብስ አጠብኩ። ምስር መልቀም ጀምሬ ግማሽ ላይ ተውኩት። ምን እንደነካኝ እንጃ... ተቀምጬ መነሳት፣ ተነስቼ መቀመጥ።

ሊድያ ሕፃን ልጇን አቅፋ መጣች። የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየችው። ልጁ ሦስት ወሩ ነው፤ አንገቱና ጀርባው በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ኤሲው እኮ ሙቅ አየር ነው የሚተፋው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ሳምንት። ዝም ያልኩት ይሻለዋል ብዬ ነው።»

እንደ ታማሚ! ሳቅሁ። ስትሄድ ግን ሳቁ አብሯት ሄደ። ያ ኤሲ የባለቤቴ የገብረየስ የመጨረሻ ሥራ ነው። አንድ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲለውጥ ገዝቶ፣ አድሶ፣ ጋዙን ሞልቶ፣ በገዛ እጁ የሰቀለው። ከሞተ ዐሥራ አራት ዓመቱ። ከእሱ በኋላ ማንም አልከፈተውም።

ሙክታር ጋ ደወልኩ። ሐሙስ እመጣለሁ አለ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ሙክታር መጣ። ባህል አዳራሽ አካባቢ የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ሱቅ አለው። ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል።

«እትዬ፣ ይሄ ማሽን በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል!»

«አንተን እንኳን አይበልጥም» አለችው ሊድያ። «ፀጉርህ ግን ከእሱ ጋዝ ቀድሞ አልቋል።»

ራሱን ዳበሰና ሳቀ። የጋዝ መለኪያውን ጌጅ ሰክቶ አየ። ጋዙ እያለቀ ነው አለ። የሆነ ቦታ በቀስታ ያፈሳል።

«ሃያ ሁለት የሚባለው ነው፣ የድሮው ጋዝ። የሰማዩን ኦዞን ይጎዳል ተብሎ በየአገሩ እየቀረ ነው። እዚህ ብፈልግ በቀላሉ አላገኝም። ባገኝም ንጹሕ መሆኑን አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ?»

«አዲስ ጋዝ ይዣለሁ። የድሮውን እለቀውና አዲሱን እሞላዋለሁ። ማሽን መቀየር የለ፣ ምን የለ። ጭስስስ... በሩብ ሰዓት አለቀ።»

ቁልፉን ሊያዞር ሲል ክንዱን ያዝኩት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

«አትልቀቀው።»

«ምኑን?»

«ጋዙን።»

ምን ልበለው? እሱ የሞላው ነው፣ ከእጁ የቀረኝ ሌላ ነገር የለም ልበል? አላልኩም። ጎረቤት ሕፃን አለ፣ ለአየርም ጥሩ አይደለም ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ያመጣውን ሲሊንደር አየሁ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ቀለም የተቀባ። ስም የለው፣ ቁጥር የለው።

«ውስጡ ያለው የቱ ጋዝ ነው?»

«የላከልኝ ሰውዬ ያውቀዋል። ዝጎ ስለነበር እኔ ነኝ የቀባሁት። ያምራል አይደል?»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሊድያ ውኃ ይዛ ሮጠች። ሙቀቱ ነው አልኳት። ሙክታርን ሌላ ቀን ና ብዬ ሸኘሁት።

ሙቀቱ አይደለም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሳጥኑን ከፈትኩ። የገብረየስ የሥራ መጻሕፍት። እሱ ሲሞት ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ስሜን እንኳ ማንበብ አልችልም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ነው የጀመርኩት። ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሱቅ በር ላይ፣ ከባጃጅ ጀርባ። ሰው ሲጠይቀኝ ብቸኝነቱን ለመርሳት ነው እላለሁ። ዛሬ ልቦለዱንም ታሪኩንም አነባለሁ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት፣ ቃል በቃል። የምመለሰው ግን ሁልጊዜ ወደነዚህ ዘይት የነካቸው ወረቀቶች ነው። ምን ፍለጋ? አውቀዋለሁ ምን ፍለጋ እንደሆነ...

ሙክታር ረስቶት የሄደ ስስ መጽሔት አለ፤ ስለ አዲሶቹ ጋዞች፣ በአማርኛ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዳንዶቹ አዲስ ጋዞች ይቀጣጠላሉ። ለእነሱ ተብሎ በተሠራ ማሽን ውስጥ ችግር የላቸውም። ለድሮው ጋዝ በተሠራ ማሽን ውስጥ ግን አይሞሉም። ቢያፈሱ ሽታ የላቸውም። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ሲሊንደር በፍጹም አይነካም ይላል።

ሊድያ የልጁን ወተት የምታሞቀው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ። ከኤሲው ሥር።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሙክታር ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እመለስ ነበር።

«ያ ነጩ ሲሊንደር ይቀጣጠላል አይደል?» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ። «ትንሽ።»

«ትንሽ መቀጣጠል እንዴት ያለ ነው?»

ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሙክታርም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ።

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ እየሞላ ነው። ቡታጋዝስ በየቤቱ አለ አይደል?»

«ቡታጋዝ ይሸታል። ሲያፈስ ታውቃለህ። ይሄን በምን ታውቃለህ?»

ወንበር አቀረበልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም በደንብ አልተማርኩትም አለ። የሙያ ኮሌጁ ውስጥ በአዲሶቹ ጋዞች ላይ ሥልጠና ሊሰጥ ነው። የጠጋኞቹ ማኅበር ሁለት ሰው መርጦ ይልካል። ሚያዝያ 2 ስብሰባ አላቸው።

«ማን ምረጡኝ ብሎ እንዳመለከተ ቢያውቁ... በርናባስ። ቱላ ገብቶ አትክልት ይሸጥ የለ? ወደ ሥራዬ ልመለስ ይላል።»

የጋበዘኝን ሻይ ከአፌ መለስኩ። አስቀመጥኩት።

ሙክታር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ እትዬ፣ ስሙን ማንሳት አልነበረብኝም። አይዞዎት፣ ማንም አይመርጠውም። ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ያልለየ ሰው የሚቀጣጠል ጋዝ ሊነካ? ባለቤትዎን ለሞት የዳረገ ሰው?»

እኔን ለማጽናናት ነው። እኔን!

መጋቢት 23

አይዞዎት አለኝ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

እጽፈዋለሁ። ይሄን ደብተር የሚያነብ የለም።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ትላልቅ ሲሊንደሮች ይቆሙ ነበር። አንዱ ኦክሲጅን፣ ለብየዳ። ሌላው ናይትሮጅን፣ ማሽን የሚያፈስበትን ቦታ ለመፈለግ የሚሞላ። ዝገዋል። ላያቸው ላይ ጽሑፍ ነበር፤ ያኔ ለእኔ ጽሑፉ ከዝገቱ አይለይም። ከበሩ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነበረኝ። እንግዳ ይመጣል፣ ግቢው እንዲያምርልኝ ብዬ ሁለቱንም ቀባኋቸው።

ገብረየስ ሲመጣ ሳቀ። «ሙሽራ አደረግሻቸው!» አልተቆጣም። ምነው ተቆጥቶ በነበር... ጠመኔ አንስቶ ኦክሲጅኑ ላይ ትልቅ መስቀል ሠራ። «መስቀል ያለበትን ማሽን ላይ እንዳትሰካ። የማሽኑን ዘይት ካገኘ ይፈነዳል» አለው በርናባስን። በርናባስ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ነው። ማስጠንቀቂያው እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

እሑድ ማታ ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ስወጣ መስቀሉ ታጥቧል። ገብረየስ ገና ተኝቷል። የእኔ ቀለም ያመጣው ጣጣ ነው፣ ሳያይ ላስተካክለው አልኩ። ጠመኔውን አነሳሁ። ኦክሲጅኑ የግራው ነበር... አዎ የግራው። የግራው ላይ መስቀል ሠራሁ።

እሑድ ዕለት እንግዶች አግዳሚ ወንበር ሲያስገቡ ሲሊንደሮቹን ገፋ አድርገው እንዳቀያየሯቸው የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው። ጎረቤት ሌላ ወሬ ሲያወራ፣ እንዲያው እንደ ቀልድ።

በዚያው ሰኞ የአንድ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ለፋሲካ የታረደ ሥጋ ሞልቶበት። እየሮጡ ሄዱ። በርናባስ መስቀል የሌለበትን ጫነ። ሰካ፣ ከፈተ። ገብረየስ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር።

በርናባስ ሁለት ጣቱን አጣ። የግራ ጆሮውም አይሰማም። ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ «መስቀል የሌለበትን ነው ያነሳሁት» አለ። ሦስት ጊዜ አለ። ያመነው የለም። መስቀል ያለበት ሲሊንደር ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሄዶ ያየው ግን አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ በዚያው ሰኞ ማታ፣ በቀብሩ ዋዜማ። ለምን እንዳጠብኩት ያኔ አላወቅሁም። ...ወይስ አውቄአለሁ?

«አንቺስ ያየሽው ነገር አለ?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«የለም» አልኩ።

አንድ ቃል። ዐሥራ አራት ዓመት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ቱላ ሄድኩ። በሚኒባስ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ነበር።

መንገድ ዳር መደብ ላይ ተቀምጧል። አቮካዶ፣ ጎመን፣ ሽንኩርት። ፀጉሩ ሸብቷል። ሚስቱን በሲዳምኛ አንድ ነገር ሲላት፣ ቀና ብሎ አየኝ። ወዲያው ነው ያወቀኝ። ተነሳ።

«እትዬ ወርቅነሽ! በእግዚአብሔር... ደህና ነዎት?»

ወንበሩን ለቀቀልኝ። በቀኝ ጆሮው እንዲሰማኝ ዞሮ ቆመ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ስለ ቤቱ ጠየቀ። ከዚያ «ጋሽ ገብረየስ ያን ኤሲ የሰቀለ ቀን ትዝ ይለኛል፤ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለ።

አሁን ልናገር አልኩ። አሁን... አሁን...

«አቮካዶው ስንት ነው?» አልኩ።

ሁለት ኪሎ ገዝቼ መጣሁ። ሦስት ፍሬ መርቆ ጨመረልኝ።

መጋቢት 29

አቮካዶውን ለሊድያ ሰጠኋት። ልበላው አልቻልኩም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ነገ ነው። ቤት ጠረግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ። ሊድያ ቬንቲሌተር ገዝታለች፣ ልጁ ትንሽ ተሽሎታል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እስካሁንም ማንም አላወቀም። ማንም ማለት ከአንድ ሰው በቀር... እሱም መስቀል የሌለበትን ማንሳቱን ያውቃል፣ ለምን እንደፈነዳ ግን አያውቅም። ከሁለታችን የማን ይብሳል?

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ከአንድ ዕቃ መሸጫ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች። በርናባስ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ኮት ለብሶ። ሙክታር ሲያየኝ ብድግ አለ። ልከስ የመጣሁ ነው የመሰለው መሰለኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው ያዩኝ።

ሰብሳቢው «እናታችን፣ ስለ በርናባስ ጉዳይ ከሆነ ስሜትዎን እንረዳለን» ብሎ ጀመረ።

«አትረዱም» አልኩ።

ቆሜ ተናገርኩ። ቀለሙን፣ ዝናቡን፣ ጠመኔውን። ማጠቤን። «የለም» ማለቴን። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞዎት ነው?» አለ። ፈሪ ነበርኩ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከሁሉ የከበደኝ በኋላ የሆነው ነው። በርናባስ የተቀመጠው የማይሰማው ጆሮው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሁሉም ዞረው ሲያዩት «ምንድን ነው? ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሙክታር ነው ጎንበስ ብሎ፣ በቀኝ ጆሮው፣ አንድ በአንድ የደገመለት። ቃሌ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ሰማሁት። ረጅም ነበር። ፊቱን እያየሁ ቆምኩ።

ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። ወጣ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ሙክታር ደወለ። በርናባስና እሱ ተመርጠዋል። «እጅ ያላነሳ የለም እትዬ።» ከዚያ «ነጩን ሲሊንደር ለላከልኝ ሰው መለስኩት» አለ።

«በርናባስስ? ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት ሴቶች ከሰላምታ በፊት መንገድ ተሻገሩ። ወሬው ደርሷል። ይድረስ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። ጉልበቴ አበጠ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር በርናባስ ይመስለኛል። የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። የሊድያ እህት ናት። ማንም አይደለም።

ሚያዝያ 13፣ የፋሲካ ማግስት

መጣ።

ቀኑን መርጦ ነው የመጣው። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ያ ሰኞ። በሩ ላይ ቆሞ ግባ እስክል ጠበቀ። ምግብ አቀረብኩ፣ አልነካም። ውኃ ብቻ ጠጣ። በሦስት ጣቱ ብርጭቆውን ያዞር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሩኝ። እኔ ያነሳሁት ላይ መስቀል ነበረ፣ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሌላኛው ላይ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። በዚያው ማታም በገዛ እጄ አጠብኩት።»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እኔ እኮ ራሴን ማመን ትቼ ነበር» አለ። «መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲጠራጠረኝ ግን... ምናልባት ነበረ እላለሁ። ምናልባት ቸኩዬ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል እላለሁ። በኋላ በኋላማ መስቀሉ ይታየኝ ጀመር። ያልነበረ መስቀል።»

ከዚያ፣ በጣም በቀስታ፦ «እናቴ ሳታምነኝ ሞተች።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። መሬት ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘኝ።

«ተዉት እትዬ። እሱን አሁን አልችልም። እንዳልዋሽዎት።»

ሲወጣ ግድግዳው ሥር ቆመ። የኤሲውን የውጭ አካል ቀና ብሎ አየው።

«ያው የእሱ ነው?»

«ያው ነው። ሙክታር ሊለቀው ሲል ከለከልኩት።»

«ጥሩ አደረጉ። ማንም እንዳይነካው። ሥልጠናውን ልጨርስ።»

ሚያዝያ 14

ተኛሁ። እስከ ሦስት ሰዓት። ሊድያ ታመው እንደሆነ ብላ በሩን መታች።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ዕቁብ ደረሰኝ። አዲስ ኤሲ አዘዝኩ፣ ለአዲሱ ጋዝ ተብሎ የተሠራ። ጎኑ ላይ የጋዙ ስም ታትሟል፤ አነበብኩት። የእሳት ምልክትም አለው። ሻጩ «እናቴ፣ እሱን ምልክት አያስቡት» አለኝ። አስቤዋለሁ አልኩት። ምድጃውን ከዚያ ክፍል አውጥቻለሁ፤ ሊድያ አሁን የልጁን ወተት እኔ ጋ ታሞቃለች።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ሁለቱም መጡ፣ በባጃጅ። ከኮሌጁ የተዋሱትን ጋዝ የሚስብ ማሽን ይዘው። ሙክታር እንደገባ «ዛሬ እኔ ረዳት ነኝ፣ አለቃው እሱ ነው» አለ። ሊድያ «እንግዲያው ወሬው ለእሱ፣ መሰላሉ ለአንተ» አለችው። በርናባስ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ረስቼው ነበር።

ሥራው ረጅም ነው። በሩብ ሰዓት አያልቅም። መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተ። ቱቦውን አሰረ፣ መረመረ፣ እንደገና መረመረ። ማሽኑ ሲነሳ ግቢው ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። ገብረየስ የሞላው ጋዝ ከቱቦው ወጥቶ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ገባ። አየር ላይ አንድም አልተለቀቀም። ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት ስድስት መቶ ግራም ነበር የቀረው። ይሄን ያህል ነው? አልኩ በሆዴ። ይሄን ያህል ነበር።

የድሮው ማሽን ወረደ። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀረ።

በርናባስ ከኪሱ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ሲሊንደሩ ላይ ለጠፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ይጻፉበት።»

«እኔ?»

«ማንበብና መጻፍ ተምረዋል ሲሉ ሰማሁ።»

ተንበረከክሁ። ጻፍኩ፦ ሃያ ሁለት፣ አሮጌ ጋዝ፣ ስድስት መቶ ግራም፣ ግንቦት 2፣ ከወርቅነሽ ቤት የወጣ።

በርናባስ ጎንበስ ብሎ አነበበው። በጣቱ እየተከተለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እዚያ አላቆመም። ጌጁን ሰክቶ ለካ። ሚዛኑን እንደገና አየ። አልከፋኝም። እንዲያውም...

«ልክ ነው» አለ።

ሲሊንደሩን ባጃጁ ላይ ሲጭኑ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። በርናባስ ወረደና ወደ ውጭ አዞረው።